ቅቤ ይዞ ወደ ገሰራ

የባሌን አገር የሚያውቅ ሰው ገና ካሁኑ ስለሚስቅብኝ፣ እሱ ስቆ እስኪጨርስ ልጠብቅና ልቀጥል። ከሮቤ ወደ ገሰራ ቅቤ ተሸክሜ ሄድኩ። አዎ፣ ወደ ገሰራ። ላም የጠፋበት አገር ይመስል! እዚያ እኮ ለእንግዳ ቡናው ላይ ሳይቀር ቅቤ ጠብ ይደረግለታል።

ደግሞ ማንም አላዘዘኝም። እህቴ በስልክ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስትመጣ ያንን ነጭ ነጩን ናፍታሊን ያዝልኝ፤ የአባባን በርኖስ ብል ሊጨርሰው ነው።» ልጇ ወልዳለች፤ አራስ ልጠይቅ ነው የምሄደው። ታዲያ እኔ የአራሷ አጎት፣ ከተማ ተቀምጬ ጡረታ የምበላ ሰው፣ የብል መድኃኒት ብቻ አንጠልጥዬ አራስ ቤት ልግባ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይሄን ነው። ቅቤ እገዛለሁ አልኩ። እሱም የሮቤ ቅቤ አይሆንም፣ የጎባ ካልሆነ። ባለቤቴ ለምን ብትለኝ፣ የሳነቴን ብርድ የቀመሰች ላም ወተቷ ይወፍራል የሚል ንግግር አደረግኩላት። ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። እሷም መልስ አልሰጠችኝም፤ ከጡረታ ወዲህ ንግግሬን የምታደምጠው ድስት እያማሰለች ነው።

ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ብትሆን ነው። ሄድኩ፣ ቀመስኩ፣ አሸተትኩ፣ በእጄ ጀርባ ላይ አሸሁ። ሻጯ «ጋሼ፣ እርስዎስ ቅቤ ያውቃሉ!» አለችኝ። ቅቤ አንጓች ብዬ እንዳልሰድባት ሥራዋ ነው። በተጠየቅኩት ዋጋ ላይ ሳልከራከር ከፍዬ በሁለት ፌስታል አስጠቅልዬ ወረድኩ። ሁለት ፌስታል! አንዱ ቢቀደድ አንዱ አለ ብዬ፣ በጥንቃቄዬ እየተደሰትኩ።

ናፍታሊኑን ሮቤ ላይ ከአንድ ሱቅ በደረቴ ገዛሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበልና እመለሳለሁ። እኔ ያረጀሁት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሳስተምር ነው። ለብል የሚሸጥ ነጭ ኳስ ሁሉ ናፍታሊን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ካምፎርም አለ፣ ፓራዳይክሎሮቤንዚን የሚባልም አለ። መለየቱ ደግሞ ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት ከላይ ከቀረ ካምፎር ነው፤ ሁለቱ ግን ይሰጥማሉ። ከዚያ ውሃው አልቀበልም እስኪል ድረስ ጨው ትጨምራላችሁ። ናፍታሊን ከሆነ ይነሳና ይንሳፈፋል፤ ሌላኛው እዚያው ታች ይቀራል። ይህን ሁሉ በባለቤቴ የእንግዳ ጆግ ውስጥ አደረግኩ። ተንሳፈፈ። ናፍታሊን ነው! ባለቤቴ ጆጉን እያየች «ጨርሰሃል?» አለችኝ። ጨርሻለሁ። አንድ ሰው ለናፍታሊን ከዚህ በላይ ምን ይጠንቀቅ?

ኳሶቹን አድርቄ በፌስታል ቋጠርኩና ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ከላዩ ቅቤውን። ከቅቤው ላይ ለሕፃኑ ያዘጋጀሁትን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እሱም ለዓመታት ሳጥናችን ውስጥ ከናፍታሊን ጋር የኖረ ነው። ዚፑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። «ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል» እያልኩ ስንቱን የገበሬ ልጅ ለፈተና ያስሸመደድኩ መምህር ነኝ እኮ! ናፍታሊን ውሃ አይወድም፣ ስብ ግን ነፍሱ ነው። የሚቀልጠው በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ለመሄድ ግን መቅለጥ አያስፈልገውም፣ ከጠጣርነቱ በቀጥታ ጋዝ እየሆነ ቀስ እያለ ይወጣል። ብሉን የሚያባርረውም ይኸው ጋዙ ነው። ስስ ፕላስቲክ ደግሞ አያግደውም፤ ፕላስቲኩም ራሱ የሃይድሮካርቦን ዘመዱ ስለሆነ ሰርጎ ያልፈዋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ዕውቀቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፤ ሻንጣውን የዘጋው እጄ ነው።

ሚኒባሱ ሞልቶ ከሮቤ ወጣ። መቼም የእኛን ሰውና የመኪና መስኮትን ጉዳይ ታውቃላችሁ። ጠዋት ነው፣ ብርዱ የባሌ ብርድ ነው፣ መስኮት የሚከፍት ቢገኝ ከኋላ «ኧረ ንፋስ!» የሚል ድምፅ ይነሳል። ሻንጣዬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ እጆቼን ከላዩ አጣጥፌ፣ የስንዴውን ማሳ እያየሁ ነበር። ብዙም ሳንርቅ አንድ ሽታ መጣ።

ሽታውን ከሁሉ ቀድሜ የለየሁት እኔ ነኝ። ረዳቱ ቤንዚን ነው አለ፤ ከኋላ ያለችው ልጅ የሰው ሽቶ ነው አለች። እኔ ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ናፍታሊን ነው» አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ደስ አለኝ። ከጎኔ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ሲገቡ «አካም ቡልተኒ» ብለውኝ መልሼላቸዋለሁ። እግራቸው ሥር አንድ ጆንያ አለ። ዓይኔ ጆንያው ላይ አረፈ። የረዳቱም ዓይን ተከትሎኝ አረፈ። «ከነቀዝ ለመጠበቅ እህል ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ጥሩ ልማድ አይደለም» አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። ሽማግሌው «ገብስ ነው፤ ምንም የለበትም» አሉ። ረዳቱ ግን መኪናውን አስቁሞ ጆንያውን ጣሪያ ላይ አወጣው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይደል የሚባለው? እኔ ግን አብዬው እኔ መሆኔን እንኳ አልጠረጠርኩም፤ ሻንጣዬን ይበልጥ ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።

ጆንያው ወጥቶም ሽታው አልወጣም። «ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ሰርጎ የገባ ነው፤ ቶሎ አይለቅም» ብዬ ይህንንም አብራራሁ። ሽማግሌው የተቀየሙ አይመስሉም። «ለመሆኑ ይህ ናፍታሊን ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አያችሁ፣ ጡረታ የወጣን መምህር እንዲህ ብሎ መጠየቅ ኃጢአት ነው።

ጀመርኩ። ከድንጋይ ከሰል ዝፍት የሚወጣ ነገር ነው አልኩ። ፋራዴይ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1826 አሥር ካርቦንና ስምንት ሃይድሮጅን እንዳለው አወቀ፤ ቅርፁን ደግሞ ኤርለንማየር የሚባል ጀርመናዊ በ1866 ገመተ፤ አንድ ጎን የሚጋሩ ሁለት ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበቶች። አንዱ ቀለበት ብቻውን ሲሆን ቤንዚን ነው፣ የመኪናውን ማለቴ አይደለም። ቤንዚን በጣም የረጋ ነው፣ ስድስት ኤሌክትሮኖች ዙሪያውን ይሸፍኑታል። «በጋቢ ላስረዳዎት» አልኳቸው። «ቤንዚን ማለት ጋቢውን ለብቻው ተከናንቦ የተኛ ሰው ነው። ናፍታሊን በአንድ ጋቢ የተኙ ሁለት ሰዎች ናቸው።» እርጋታው በቁጥርም ይለካል፤ የቤንዚን 36 ኪሎ ካሎሪ በሞል ከሆነ የሁለቱ 72 በሆነ ነበር፤ የናፍታሊን ግን 61 ገደማ ነው። እየተጎተተ ነዋ! ለዚህ ነው ብሮሚን ቤንዚንን ለመንካት የብረት እርዳታ ሲለምን፣ ናፍታሊንን ግን ያለ አማላጅ የሚይዘው። የሚይዘውም በየትም በኩል አይደለም፣ ከመጋጠሚያው ቀጥሎ ባለው ካርቦን በኩል ነው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ሦስት ሲሆኑስ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ከክፍል ስጠብቀው ኖሬያለሁ! ሦስት ሲሆኑ አንትራሲን ነው፤ አራት ሲሆኑ ቴትራሲን፣ ብርቱካናማ ነው፤ አምስት ሲሆኑ ፔንታሲን፣ ድፍን ሰማያዊ። ሁሉም ቀጥ ብለው በአንድ ረድፍ ነው የተኙት፣ ጋቢው ግን ያው አንድ ነው። ኤሪክ ክላር የሚባል ኬሚስት ያስተማረን ይህንን ነው፤ ረድፉ ምንም ያህል ቢረዝም ሙሉ ስድስት ኤሌክትሮን የሚደርሰው ለአንድ ቀለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሲረዝሙ ይበርዳቸዋል፣ ያገኙትን ሁሉ ይይዛሉ። ፔንታሲን ሟሙታ ብርሃንና አየር ካገኛት ኦክሲጅን መሀለኛዋን ቀለበት ከሁለት ወገን ይይዛታል፤ ሰማያዊው ቀለም ይጠፋል። መሀለኛዋ ከጨዋታ ስትወጣ ግራና ቀኝ የሚቀሩት ሁለት ሁለት ቀለበቶች ናቸው፣ ሁለት ናፍታሊን ማለት ነው፣ ለየራሳቸው ጋቢ ያላቸው። ተበታትነው አተረፉ! ዙሪክ ያሉ የአይቢኤም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የአንዲት ፔንታሲን ሞለኪውል ምስል አንስተዋል፤ አምስቱም ቀለበቶች ተደርድረው አንድ በአንድ ይታያሉ። እኔ ያንን ምስል በጋዜጣ ወረቀት አትሜ ሳሎን ልሰቅል ስል ባለቤቴ የማርያምን ሥዕል ጎን አይሆንም ብላ ከለከለችኝ።

«ሰባትስ?» አሉ ሽማግሌው። አሁን ሌሎቹም ተሳፋሪዎች እየሰሙ ነው፤ ወይም አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ዝም ብለዋል፣ አልለየሁም። ሰባቱ ሄፕታሲን ነው። ክላር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1942 ሠራሁት ብሎ ነበር፣ በኋላ ግን ቃሉን አነሳ። ኔከርስ የሚባል አሜሪካዊና ባልደረቦቹ በ2006 በብርሃን ሠርተው ያቆዩት ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ቀብረውት ነው፤ እዚያም ውስጥ ቢሆን ለጥቂት ሰዓታት ነው የቆየው። ነፃ ቢለቁት እርስ በርሱ ተያይዞ ያልቃል።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ ለምን ሌላ ጋቢ አይፈልጉም?»

በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም። ይፈልጋሉ እንጂ አልኩ። ሦስቱ ቀለበቶች ቀጥ ብለው መተኛታቸውን ትተው አንዱ እጥፍ ካለ ፌናንትሪን ይሆናሉ፤ ያው አሥራ አራት ካርቦን፣ ያው አሥር ሃይድሮጅን፣ ግን ጋቢው ሁለት ይሆናል። ከአንትራሲን ይልቅ ረግቶ ይቀመጣል። «መታጠፍ ነው እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው፤ ከዚያም ስለ ጣሪያው ጆንያ እንዳይዘነጋ ረዳቱን አሳስበው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ገሰራ ደረስን። እህቴ ቤት ስገባ እልልታው፣ ጉልበት መሳሙ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለቱ ሁሉ በወጉ ሆነ። ሻንጣዬን ከፍቼ ቅቤውን በሁለት እጄ ስሰጣት እህቴ ፊቷ ላይ ያየሁትን የመገረም ስሜት እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። «ከጎባ ነው» አልኳት። «ከጎባ?» አለችኝ። ሴቶቹ ጓዳ ይዘውት ገቡ፤ ገንፎው ተገንፍቶ ቅቤ ብቻ ነበር የቀረው።

ቅቤ ቀዝቃዛ ሳለ ብዙ አይናገርም። እሳት ሲያየው ነው። ያ ሁሉ በስቡ ውስጥ ሟሙቶ አድፍጦ የመጣው ናፍታሊን ምንቸቱ ሞቅ ሲል አንድ ላይ ተነሳ። መጀመሪያ ጓዳ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ምንቸቱን በጨርቅ ይዘው ብቅ አሉና ለመላው ቤት በሚሰማ ድምፅ «ይህ ቅቤ የኖረው በማን ሳጥን ውስጥ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ምንቸቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አሁን ስናገረው ይቀላል እንጂ ያኔ እያንዳንዱ ሰው ሲያሸት ፊቱን አየሁ፤ ሁሉም መጀመሪያ ምንቸቱን ያያል፣ ከዚያ ዞሮ እኔን። አንድ ሕፃን ልጅ «የእማማ ሳጥን!» አለ። አሮጊቷ ጠጋ ብለው ኮቴን አሸተቱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና «እሱም ነው» አሉ።

ይህ አልበቃ ብሎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ ነበር፤ እንደ ልጄ የምትሆን ወጣት። ብርድ ልብሱን ሕፃኑ ላይ ልንጥል ስንል ቀማችን። «ጋሼ፣ ናፍታሊን የነካው ልብስ ለአራስ ልጅ አይሆንም፤ ደም ያበላሻል፣ ዓይን ቢጫ ያደርጋል» አለችኝ። ለቀባሪው አረዱት! ልናገር አፌን ከፈትኩ። ጉበት ናፍታሊኑ ላይ ኦክሲጅን እንደሚጨምርበት፣ ናፍቶል ቀጥሎም ናፍቶኪኖን እንደሚሆን፣ ያም ቀይ የደም ሕዋስን እንደሚያስጨንቅ፣ ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸው ልጆች ሕዋሳቸው መቋቋም አቅቶት እንደሚፈርስ ልነግራት ነበር። ግሪክ አገር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1963 ከልብስ ላይ ተነፍሰውት ስለታመሙ ጨቅላዎች መጻፋቸውን፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ከገበያ ማስወጣቱን ሁሉ አውቃለሁ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ማን እንዳመጣው ትዝ አለኝ። አፌን ዘጋሁ። ልጅቷም ኳሶቹን በፌስታላቸው እንዳሉ ከቤት አስወጣቻቸው።

አብሬ ወጣሁ ማለት ይቻላል። እህቴ በትሕትና «ወንድሜ፣ ኮትህን አውልቀህ ፀሐይ ላይ ትንሽ አየር ብትወስድ» አለች፤ ግቢ ውስጥ ጥድ ሥር በርጩማ ወጣልኝ። ኮቴ አጥር ላይ፣ ብርድ ልብሱ አጥር ላይ፣ ናፍታሊኑ አጥር ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ። አራስ ጠያቂው ሁሉ ሲገባ ያገኘኛል። «መምህር፣ ምነው ውጭ?» «አየር እየወሰድኩ ነው።» ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። ሌላው ይመጣል። «መምህር፣ ምነው ውጭ?» የመጨረሻዎቹ ሳይጠይቁኝ እየሳቁ ነው የገቡት፤ ወሬው መንገድ ላይ ቀድሞ ደርሷቸዋል።

እዚያው ተቀምጬ ሳለ አንድ ጆንያ የተሸከመ ልጅ ገባ። ከኋላው ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ። የሕፃኑ የአባት አያት ናቸው፣ አማቻችን ማለት ነው። ገብሱ ለአራሷ ገንፎ ነበር። ቆመው አዩኝ፤ ኮቴን አዩ፤ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን የፌስታል ቋጠሮ ጠጋ ብለው አሸተቱ።

«ጆንያዬ ጣሪያ ላይ ሆኖ ጥሩ አየር አገኘ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በርጩማ አስመጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ገንፎው እዚያው ለሁለታችን መጣልን፣ በእህቴ ላም ቅቤ የራሰ። መሀሉ ላይ ያለውን ቅቤ እያጠቀሱ «ይህኛው ስንት ቀለበት አለው?» ብለው ጠየቁኝ። ቀለበት የለውም፣ ረዣዥም ሰንሰለት ነው አልኳቸው። ጎረሱ።

የአባባ በርኖስ ያለ ናፍታሊን ቀረ። እህቴ ፀሐይ ላይ አስጥታ በብሩሽ አራገፈችው፤ እውነቱን ለመናገር ለብል እጭ ከዚህ የባሰ መከራ የለውም፣ ጨለማና ጸጥታ ነው የሚወደው። ሳጥኗ ውስጥ ያሉትን የጥጥ ጋቢዎችም እንዳትጨነቅባቸው ነገርኳት፤ ብል የሚፈልገው ሱፍና ፀጉር ነው፣ የጥጥ ልብስ ካልቆሸሸ አይሻውም። እኔ ቤት ያሉትን ጋቢዎች ስንት ዓመት በናፍታሊን እንዳጠንኳቸው አልነገርኳትም።

ቅቤውን ማንም ሊበላው አይችልም፣ ፀጉርም አይቀባም። ልጥለው ስል አማቻችን ተቀበሉኝ። ለኮርቻቸው ቆዳ ማለስለሻ ይሆናል ብለው በዚያው በሁለት ፌስታሉ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። በኋላ እህቴ ደውላ ነገረችኝ፦ ኮርቻው ለስልሷል፣ ነፍሳት ዝር አይሉበትም፣ ፈረሱ ግን በተጫነ ቁጥር ያስነጥሰዋል። ለክርስትናው ስመጣ ከዚያው ቅቤ አንድ ኪሎ እንድጨምርላቸው ልከውብኛል።